የ1999 ኢምፕሬዛ ጂቲ፦ ተለቅ ያለ ቱርቦ ልግጠምላት ወይስ የነበረውን ላሳድስ?

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ጂቲ ናት። እ.ኤ.አ. የ1999 ስሪት፣ ግራ መሪ፣ ባለ 2 ሊትር ኢጄ20 ሞተር። ቱርቦዋ፣ ማለትም አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ፣ ከፋብሪካ አብሯት የመጣው ቲዲ04 ነው። ለብዙ ዓመት የአጎቴ ነበረች። አምና ዓይኑ ደከመና "ከባዳ አንተ ትሻላለህ" ብሎ ለእኔ ለቀቀልኝ። ልጅ ሆነን እሁድ እሁድ ፒያሳ ኬክ ይገዛልንና በዚህች መኪና የኋላ ወንበር ተጨናንቀን ወደ ቤት እንመለስ ነበር። ስለዚህ "ሸጠህ ሌላ ግዛ" የሚል ምክር አልቀበልም። ከወዲሁ ይቅርታ።

ችግሩ ይኸውላችሁ። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ስወጣ የማውቀው ጉልበት የለም። ድሮ በ2ኛ ማርሽ 3,000 ዙር አካባቢ ቱርቦው ሲነሳ ወንበር ላይ ይለጥፈን ነበር። አሁን ፉጨት ብቻ ነው። ጠዋት ሳስነሳት ደግሞ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ታወጣለች። የሰፈር መካኒክ አይቶ "ቱርቦው አልቆለታል" አለኝ።

አልቆለት ከሆነ ለምን ያንኑ መልሼ እገጥማለሁ? ከዱባይ ዕቃ የሚያመጣ አንድ ልጅ ቪኤፍ35 የሚባል ተለቅ ያለ ቱርቦ አገኝልሃለሁ ብሎኛል። ሌላ ጓደኛዬ "ከገባህ አይቀር ከዚያም የሚተልቀውን 20ጂ ግጠም" ይላል። ቱርቦው ብቻ ተቀይሮ ይሄዳል? ቤንዚናችንስ ይችለዋል? የሞከረ ሰው ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

የድሮ መካኒክ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡55

ልጄ፣ መኪናዋ ከቤት ባለመውጣቷ ደስ ብሎኛል።

ዱባይ ላለው ልጅ ግን ገና ብር እንዳትልክ። "አልቆለታል" ያለህ ሰው ቱርቦውን በእጁ ነክቶ ነው ወይስ ጭሱን አይቶ? በዚህ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ሜክሲኮ አካባቢ ባለችው ጋራዤ "ቱርቦው አልቋል" ተብለው መጥተው አንድ ላስቲክ ተቀይሮላቸው የሄዱ መኪኖች ብዙ ናቸው።

ግፊት ሲመጣ አብሮ የሚመጣ ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ አየር ሲያፈስ ነው። ያንተ መኪና ኢንተርኩለር፣ ከቱርቦ የወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው፣ ሞተሩ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከኮፋኖው አፍ ሥር። ከቱርቦ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ሞተር የሚያገናኙት ላስቲኮች ይኸን ሁሉ ዓመት እሳት ላይ ኖረዋል። ከላይ ደህና መስለው ከታች በኩል ይሰነጠቃሉ። እጅህን ከሥር አስገብተህ ዳብሳቸው። ጣትህ ዘይት ይዞ ከወጣ ቦታውን አገኘኸው።

የጠዋቱ ጭስም ብቻውን ፍርድ አይሆንም። ቦክሰር ሞተር ፒስተኖቹ ተጋድመው ነው የሚሠሩት። መኪና ቆማ ስታድር ጥቂት ዘይት ወደ ሲሊንደር ይገባል። ከ1 ደቂቃ በኋላ ከጠፋ አትደንግጥ። ቁልቁለት ወርደህ መልሰህ ነዳጅ ስትረግጥ ቡልቅ የሚል ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን።

ቱርቦውን ራሱን ለማየት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የአየር መግቢያውን ላስቲክ አውልቅ። ከፊት ያለችውን ነት በሁለት ጣት ያዛት። ወደ ጎን ትንሽ ብትነቃነቅ ችግር የለም፣ ዘንጉ ዘይት ላይ ነው የሚንሳፈፈው። ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግን መሄድ የለባትም። ምላጮቹ ግድግዳውን ነክተው ጭረት ትተው ከሆነ ቱርቦው አብቅቶለታል።

ከዚያ የ4ቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ፣ አስለካ። ቁጥሩን ይዘህልን ና።

ለገሃር | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡10

ጋሼ የጻፉትን አስቀምጬዋለሁ። የኔ ቮልስዋገንም ያፏጫል።

ቁጥር ወዳድ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ጋሼ ካሉት ልቀጥል። ኮምፕሬሽኑ ሲለካ መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አታወዳድረው። መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። ጅቡቲ ወደብ ላይ የአየሩ ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፣ እኛ ጋ 0.76። ሲሊንደሩ ሲጀመር ሩብ ያህል የጎደለ አየር ነው የሚስበው። መጽሐፉ 10 ባር ቢልና አንተ 7.6 ብታገኝ ሞተርህ ጤነኛ ነው። ዋናው ነገር 4ቱ ምን ያህል ይቀራረባሉ የሚለው ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ሞተር ሲፈታ አይቻለሁ፣ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ክሩስኮት ላይ የምትገጥመው የግፊት ጌጅ የሚያሳይህ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ጌጁ 0.8 ባር ሲል ጅቡቲ ላይ ሞተሩ የሚያገኘው 1.8 ነው። እዚህ 1.56። ያው ጌጅ፣ ያው ቁጥር፣ ግን ሞተሩ ከ10 በመቶ በላይ አየር ጎድሎበታል። ቱርቦ የሌለው መኪና ሩቡን ስለሚያጣ አሁንም አንተ ትሻላለህ።

ቱርቦው ግን ያን ሲሠራ ይበልጥ ይለፋል። ጅቡቲ ላይ አየሩን 1.8 ጊዜ ያጭቃል። እዚህ ለዚያው 0.8 ከ2 ጊዜ በላይ ማጨቅ አለበት። እዚህም ሙሉ 1.8 ይሰጠኝ ካልክ ጌጁ 1.04 ማለት አለበት፣ እጥፋቱም ወደ 2.4 ይጠጋል። ትንሽ ቱርቦ እዚያ ሲደርስ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል። በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ስለሚዞር ነገር ነው የማወራው። ከአቅሙ ሲወጣ አየር ከመጭመቅ ይልቅ አየር ያሞቃል። በ20 ዲግሪ የገባ አየር 1.8 ጊዜ በደህና ብቃት ሲታጨቅ 97 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይወጣል። 2.4 ጊዜ ሲታጨቅ ወደ 137። ቱርቦው ከአቅሙ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ከ150 ያልፋል። ኢንተርኩለሩ የቻለውን ያቀዘቅዛል፣ ሁሉንም ግን አይችልም።

ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ይልቅ አዲስ አበባ ያለ ሰው ተለቅ ያለ ቱርቦ ለማሰብ የተሻለ ምክንያት አለው። ይህን በእርግጠኝነት እላለሁ። በታሪኩም ቱርቦ ከስስ አየር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ አወጣው። ከ4,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ቱርቦውን የፈተነው።

አሁን ሌላኛው ጎን። ቱርቦውን የሚያዞረው የጭስ ማውጫው ጋዝ ነው። የገባው አየር ስስ ከሆነ የሚወጣውም ጋዝ ያንሳል። ትልቅ ተርባይን ደግሞ ለመነሳት ብዙ ጋዝ ይፈልጋል። ጅቡቲ ላይ በ3,300 ዙር የሚነሳ ቱርቦ እዚህ ጥቂት መቶ ዙር ይዘገያል። 20ጂ የምትለው መሀል ከተማ ውስጥ ሲነሳ አታየውም። ከሜክሲኮ ስታዲየም ሳይነሳ ቀይ መብራት ይይዝሃል።

ሰፊ መንገድ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡30

ቁጥር ወዳድ ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ግን መኪና በካልኩሌተር አይነዳም። ኮሊን ማክሬይ እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ራሊ ሻምፒዮን የሆነው በኢምፕሬዛ ነው። ይህ ሞተር ትልቅ ጉልበት እንዲችል ሆኖ ነው የተወለደው። 20ጂ ግጠም፣ ግፊቱን ዝቅ አድርገህ ያዝ፣ ስትፈልግ ትጨምራለህ። ሁለቴ ወጪ ከማውጣት አንዴ ማውጣት ይሻላል።

ቁጥር ወዳድ | ረቡዕ፣ ቀን 7፡05

ወንድሜ፣ ስለ ማክሬይ ያልከው ልክ ነው። ነገር ግን የዚያ መኪና ቱርቦ በደንቡ መሠረት አየር የሚስበው በ34 ሚሊ ሜትር ቀለበት ነበር። ከዚያ በላይ መተንፈስ አይፈቀድለትም። ጭቃና ጠጠር ላይ ያሸነፉት ከታችና ከመሀል ዙር ላይ ባለ ጉልበት ነው። እኛም መሀል ከተማ የምንኖረው እዚያው ዙር ላይ ነው። ከታክሲ ኋላ፣ ከ2,000 እስከ 4,500።

ሰማያዊዋ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

እኔ የሞከርኩ ነኝ። ስለዚህ ልንገርህ ወንድሜ፣ አንድም ሳልደብቅ።

የኔም ያው ዓይነት ጂቲ ናት፣ ሰማያዊ። ከ5 ዓመት በፊት ከቪኤፍ35 የሚተልቅ ቱርቦ አስገጠምኩላት። ጋራዡን አልጠራም። "ቤንዚን የሚረጨው ኖዝልም፣ ቤንዚን የሚገፋው ፖምፓም ይበቃል፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያስተካክላል" ተባልኩ፣ አመንኩ። ግፊቱ 1.2 ባር ላይ ተደረገ። ለ4 ወር ከተማ ውስጥ እንደ ሕልም ነበረች። ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ስትሄድ ፊቴ ላይ ፈገግታ ይቀር ነበር።

አንድ ቅዳሜ 4 ሆነን አዳማ ሄድን። ሲመለሱ ፍጥነት መንገዱ ላይ ሽቅብ ነው፣ ፀሐዩም ቀጥ ብሎ ነበር። በ4ኛ ማርሽ ረግጬ ያዝኩ። ከኋላ ሰሌዳው ላይ ጠጠር እንደሚመታ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ቅ ቅ ቅ። ጠጠር መሰለኝ። ሬዲዮውን ቀነስኩና ሰማሁት፣ ከዚያ ጠፋ። ሞጆ ሳልደርስ ጉልበቷ ወረደ። በመስታወት ሳይ መንገዱ በጭስ ተሸፍኗል።

ማግስቱን ካንዴላዎቹ ተፈቱ። የ3ኛውን ሲሊንደር ካንዴላ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ነጩ ሸክላ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉበት፣ የብር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። መጀመሪያ ቆሻሻ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅኩት። አይለቅም። የፒስተኑ አልሙኒየም ነው፣ ቀልጦ የተረጨ። ሞተሩ ሲወርድ በቀለበቶቹ መካከል ያለው የፒስተኑ ጠርዝ ተሰብሮ ነበር። የዚህ ሞተር ፒስተን ሲቸገር መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ጋ ነው።

የሆነው ይህ ነው። ግፊቱን የሚይዘው ዌስትጌት በስፕሪንግ የሚሠራ ነው፣ ከውጭው አየር በላይ 1.2 ይሰጣል። አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ነው፣ አየሩ ይወፍራል። ያው 1.2 ላይ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ጨመረ። ኖዝሎቹ ግን አዲስ አበባም ላይ እስከ መጨረሻው ተከፍተው ነበር የሚሠሩት። የሚጨምሩት ቤንዚን አልነበራቸውም። ሞተሩ በረሃብ ሞቀ፣ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ ፈነዳ። ስንፈትሽ የፖምፓው ግፊትም ወርዶ ተገኘ።

ሌላ ፒስተን እስኪመጣ መኪናዬ 11 ወር ቆመች። ቱርቦውን እየጠላሁ አይደለም። እንደገና ገጥሜያለሁ። ነገር ግን መጀመሪያ ፖምፓ፣ ከዚያ ኖዝል፣ ከዚያ የአየርና የቤንዚኑን ምጣኔ የሚያሳየው ዋይድባንድ ጌጅ፣ ከዚያ የኮምፒዩተሩ ማስተካከያ፣ ቱርቦው መጨረሻ። እባክህ ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጠው።

የድሮ መካኒክ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

እህቴ፣ ስለጻፍሽው እግዚአብሔር ይስጥሽ። ያን ካንዴላ እንዳትጥይው። ለልጆቼ ማሳያ ስጪኝ እልሽ ነበር፣ ግን ለራስሽ ይሻላል።

ቁጥር ወዳድ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡48

የእህታችን ታሪክ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የአየሩ ልዩነት ብቻውን ትንሽ ነው፣ በእሷ ግፊት ሲሰላ ከ3 እስከ 4 በመቶ። ሞተሩን የገደለው ልዩነቱ አይደለም። ትርፍ አለመኖሩ ነው። ከተማ ውስጥ ሙሉ ነዳጅ ረግጠህ ከ6 እና 7 ሰከንድ በላይ አትቆይም። ፍጥነት መንገድ ላይ ደቂቃ ሙሉ ትቆያለህ። ኢንተርኩለሩ ይግላል፣ ፒስተኑ ይግላል። ለዚህ ነው ኖዝል በጣም ሲሠራ እንኳ ከ85 በመቶ በላይ ክፍት እንዳይሆን የሚመከረው።

ስለ ቤንዚኑ ጠይቀህ ነበር። ማደያዎቻችን ላይ የሚቀዳው ቤንዚን አንድ ዓይነት ነው። እንደ ሌላው አገር ከፍ ያለ ኦክቴን፣ ማለትም ያለ ሰዓቱ በቀላሉ የማይፈነዳውን፣ መርጠህ አትቀዳም። ከፍታው እዚህ ላይ ይረዳናል። ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ የመፈንዳት ዕድሉ ይቀንሳል። በቱርቦ የጎደለውን አየር መልሰህ ስትሞላ ግን ያን እርዳታ ራስህ ትሰርዘዋለህ፣ የባሰ በሞቀ አየር። ስለዚህ 0.9 ባር፣ ቢበዛ 1.0። የማቀጣጠያው ሰዓትም ዘግየት ይበል። ሙሉ ግፊት ላይ የአየርና የቤንዚን ምጣኔው 11 እና 11.5 መካከል ይሁን። 12.5 ካየህ ቤንዚኑ አንሷል፣ እግርህን አንሳ።

ሱማሌ ተራ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ዕቃ የምሸጥ ሰው ነኝ። መርካቶ፣ ስሜ ላይ እንዳለው። ለንግዴ ሳይሆን ለመኪናዋ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቪኤፍ የሚባሉት የጃፓኑ አይኤችአይ ሥራ ናቸው። ኮፒያቸው ገበያ ላይ ሞልቷል። ሣጥኑ አዲስ፣ ታርጋው የሚያብለጨልጭ፣ ምላጩ ግን ሻካራ። ኦሪጅናል ያገለገለ ከአዲስ ኮፒ ይሻልሃል። ያገለገለ ስትገዛ ሦስት ነገር እይ። አንደኛ ምላጮቹን በባትሪ ብርሃን ጫፍ ጫፋቸውን ተመልከት፣ አንዲት ጥርስ እንኳ መጉደል የለባትም። ሁለተኛ ጋሼ እንዳሉት ነቷን ይዘህ ነቅንቃት። ሦስተኛ ዘይት የሚገባበትን ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ስደድበት። ጥቁር ፍርፋሪ እንደ ቡና አተላ ከወጣ ያ ቱርቦ ዘይት ተነፍጎት የኖረ ነው። ተወው።

ሌላም ልበልህ። ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አገር ውስጥ አይገባም። ያንተ ዓይነት መኪና ቁጥሩ ካለው በላይ አይጨምርም። ሞተሩን ከሰበርከው ሌላ ሞተር ፍለጋ የምትዞረው እኛ ጋ ነው፣ እኛም ጋ የለም። እወቀው ብዬ ነው።

ቀስ በል | ሐሙስ፣ ቀን 8፡00

ስለ ፍሬን ማንም አላነሳም። የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ሸራውስ? ጎማውስ ስንት ዓመቱ ነው? ከእንጦጦ ስትወርድ ፔዳሉ ከለሰለሰ ቱርቦውን እርሳው። ጉልበቱንም ሌሊት ቸርችል ላይ እንዳትሞክረው። መንገዱ ዳር ሰው ይተኛል።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰማያዊዋ፣ ታሪክሽን ለአጎቴ በስልክ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ቆየና "ልጅቷ የምትልህን ስማ" አለኝ። የዱባዩን ልጅ ቆይ ብየዋለሁ። ለክቼ እመለሳለሁ።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ | ከ2 ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ቀን 9፡30

ተመልሻለሁ።

ኮምፕሬሽን፦ 7.9፣ 8.0፣ 7.8 እና 7.9። የለካው ልጅ መጽሐፉን አይቶ "ሞተሩ ደክሟል፣ ሬትፊካ ይግባ" ብሎኝ ነበር። ቁጥር ወዳድ የጻፍከውን አሳየሁት። ስልኩን ተቀብሎኝ ሁለቴ አነበበው።

ላስቲክ፦ ጋሼ፣ እጅዎን ይባርክ። ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር የሚሄደው ከታች በኩል የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ቀየርኩት። ፉጨቱ ጠፋ፣ ከነበረው ጉልበት ግማሹ ተመለሰ።

ቱርቦ፦ እሱም ግን ነጻ አይደለም። ነቷ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በግልጽ ትሄዳለች። ግድግዳው ላይ ቀጭን ጭረት አለ። ላስቲኩ እያፈሰሰ ስንት ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሲዞር እንደኖረ እንጃ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ቪኤፍ35፣ ከ0.9 ባር የማያልፍ። ያገለገለ ኦሪጅናል ተገኝቷል፣ ሽቦውም ንጹሕ ሆኖ ነው የወጣው። ከእሱ በፊት ፖምፓና ኖዝል ገብተዋል። ዋይድባንዱ ክሩስኮት ላይ አለ። የፍሬን ዘይትና የፊት ሸራ ተቀይሯል፣ ቀስ በል አመሰግናለሁ። የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር በኋላ እንደመጡት በኬብል ብቻ በቀላሉ ስለማይከፈት ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ነው የምንገጥመው። ጋሼ፣ ስንገጥም ምን እንጠንቀቅ?

የድሮ መካኒክ | እሁድ፣ ማታ 1፡10

ጎበዝ ልጅ። ጻፍ።

ቦታው ያው ነው፣ ከታች 3 ቡሎን ከኋላ 5። ሳትጣደፍ ይገባል። የሚያስቸግርህ የአየር መግቢያው ላስቲክ ነው። የቲዲ04ው ስለሚጠብ በግድ ለጥጠህ እንዳታስገባው፣ በልኩ ፈልግለት። የውሃና የዘይት ቱቦዎቹም መታጠፊያቸው ትንሽ ሊለይ ይችላል።

የዘይት መግቢያውን ቱቦ አዲስ አድርገው፣ ካልሆነ በደንብ አጥበህ በአየር ንፋው። የመዳብ ዋሸሮቹ አዲስ ይሁኑ። የዘይት መውጫው ላይ ሲሊኮን እንዳታስነካ። ጓርኒሲዮን ብቻ። አንድ ጊዜ የሩዝ ፍሬ የምታክል የሲሊኮን ቁራጭ መውጫውን ዘግታ አዲስ ቱርቦ በ20 ደቂቃ ስታቃጥል አይቻለሁ። ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ከማስነሳትህ በፊት በመግቢያው ንጹሕ ዘይት ሙላበትና ምላጩን በጣትህ አዙረው። ከዚያ የኖዝሎቹን ሶኬት ነቅለህ በሞተሪኖ ብቻ አሽከርክር፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ከጠፋ በኋላ ሰካና አስነሳ። 10 ደቂቃ ቆማ ትሥራ፣ ነዳጅ አትስጣት። ዘይቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገመው።

ውሃው ላይም ተጠንቀቅ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስችለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። አሮጌ ክዳን ከሆነ ጣለውና አዲስ ግዛ። ይህ ሞተር የውሃ መሄጃው ውስጥ አየር ሲታሰርበት አንዱ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ብቻውን ይግላል፣ አየሩን በትዕግሥት አስወጣ።

የመጨረሻው ካምቢዮው ነው። የዚህ መኪና ባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ ብርቱ አይደለም። 3ኛ ማርሽ ላይ ሆነህ በ3,500 ዙር ድንገት አትርገጥ። ቀስ ብለህ ጨምር።

ሰፊ መንገድ | እሁድ፣ ማታ 1፡40

እኔ 20ጂ ግጠም ብዬ ነበር። የእህታችንን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። በርታ ወንድሜ።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ | ከ5 ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ጠዋት 4፡20

ገባ። ከገባ 900 ኪሎ ሜትር ሆኖታል።

ቲዲ04 ላስቲኩ ከተቀየረ በኋላ በ3,100 ዙር ሙሉ ግፊት ይሰጥ ነበር። ይኸኛው 3,600 ይፈልጋል። ቁጥር ወዳድ፣ እንዳልከው ዘግይቷል፣ ታክሲ ኋላ ስሆን ይታወቀኛል። ከ5,000 በላይ ግን ድሮ ትንፋሽ ያጥራት ነበር፣ አሁን እስከ ላይ ትጎትታለች። ዋይድባንዱ ሙሉ ግፊት ላይ 11.2 ይላል፣ አንዴ 11.4 አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አጎቴን ከቤቱ ይዤው ወጣሁ። ቸርችል ባዶ ነበር። ከለገሃር ተነስተን በ2ኛ ማርሽ፣ ሕጉ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ። አጎቴ መስኮቱን ከፍቶ እጁን በሩ ላይ አድርጎ ያዳምጥ ነበር። ፖስታ ቤቱን አልፈን ማዘጋጃ ቤት ጋ ስንደርስ "ድምጿ ወፈረ" አለ። ከዚያ "ፒያሳ ቁም፣ ኬክ ልግዛ" አለኝ።

ሰማያዊዋ | እሁድ፣ ጠዋት 4፡45

እልል! አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። 1,000 ሲሞላ ዘይቱን ስትቀይር የ3ኛውን ካንዴላ አውጥተህ ሸክላውን በፀሐይ ብርሃን ተመልከተው። ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው።

የሰራተኛ ሰፈር ልጅ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡05

ዛሬ ከሥራ ስወጣ አወጣሁት። ፎቶውን ለጥፌያለሁ። ሸክላው ፈዘዝ ያለ ቡኒ ነው፣ አንድም ነጠብጣብ የለበትም። በጥፍሬም ፋቅኩት።

ሰማያዊዋ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡11

አየሁት። ንጹሕ ነው። መልሰህ ግጠመው።